የግራው ግማሽ

ሟቹ በተወለዱበት ዓመት ዝናብ አልመጣም። ጉድጓዱ ደረቀ፤ ከብቶቹ አለቁ። ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው አምስት ልጆች ያን ወቅት ያለፉት ሁለት ናቸው፤ እሳቸውና ይህን የጻፈው ታላቅ ወንድማቸው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሃያ ዓመታቸው በሕክምና ትምህርት ቤት የአስከሬን ክፍል በጽዳት ተቀጠሩ። በሦስተኛው ዓመት ቢላዋው እጃቸው ገባ፤ አንጎል ማውጣት፣ በፎርማሊን ማጠንከርና ለተማሪዎች መቁረጥ የእሳቸው ሥራ ሆነ። ተማሪዎቹ “አባ ፎርማሊን” ይሏቸው ነበር። እሳቸውም “ሽታዬ ቀድሞኝ ይገባል፤ በር አላንኳኳም” እያሉ ይቀልዱ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመታቸው የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። መጠጥ ቀምሰው አያውቁም።

ከሁሉ የሚያደንቁት ትንሹን አንጎል ነበር። ከትልቁ አንጎል በታች፣ ከኋላ የተቀመጠ፣ የተጨበጠ እጅ የሚያህል ነው። ሁለት ግማሽ አለው። ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭ ዛፍ ይታያል። በሦስት ጥንድ ማያያዣዎች ከአንጎል ግንድ ጋር ይገናኛል፤ አንዱ የአካልን ወሬ ያስገባል፣ አንዱ የትልቁን አንጎል ሐሳብ ያመጣል፣ አንዱ እርማቱን ያወጣል። “አያዝም፤ ያርማል። ሥራው የሚታወቀው ሲጎድል ነው” ይሉ ነበር።

በአራተኛው የሥራ ዓመታቸው አንዲት ልብስ ሰፊ ከደረጃ ወድቀው ሞቱ። በሕይወት ሳሉ ሲሄዱ ይንገዳገዱ ነበር፤ ግራ እጃቸውም የዘረጉበትን ይስት ነበር። ሰፈሩ ሰካራም ብሏቸዋል። ልጃቸው አንጎላቸውን ለትምህርት ቤቱ ሰጥታ፣ “እናቴ አለመጠጣቷን አረጋግጡልኝ” አለች። የክፍሉ መምህር ከትንሹ አንጎላቸው የግራ እጅን የሚያርመውን ግማሽ እንዲያስቀምጡ ሟቹን አዘዙ። በትልቁ አንጎል ግራ እጅን የሚያዘው ቀኙ ነው፤ እሳቸውም በዚያ ልማድ ቀኙን አስቀርተው ግራውን ለማቃጠያው ሰጡ። በትንሹ አንጎል ግን መንገዱ ከጎን ወደ ጎን ሁለት ጊዜ ስለሚሻገር ግራው ለግራ ነው። መምህሩ በቀረው ግማሽ ትንሽ መክሳት ቢያዩም በሽታ ይሁን መጠጥ መፍረድ አልቻሉም። ስሕተቱን ለልጅቱ የነገሯት ሟቹ ራሳቸው ናቸው።

“ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እህቴ።”

“እንግዲህ ዕዳ አለብዎት” አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ቀኙ ግማሽ ሠላሳ አራት ዓመት በብልቃጥ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ኖረ። የተቆረጠ ፊቱን ወደ በሩ ያዞር ነበር። ያስተካክሉታል፤ ተመልሶ ይዞራል። ወንድማቸው በዓይኑ አይቷል። ሟቹ በዚህ ቀልደው አያውቁም።

በሃምሳ አምስት ዓመታቸው አንድ ጠዋት ግራ እጃቸው የበሩን እጀታ አልፎ ግድግዳውን ዳበሰ። እጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩትና “መጡ” አሉ። ማን እንደመጡ የጠየቀ የለም። ሐኪሞቹ ትንሹ አንጎል እየከሳ ነው አሉ። በመንገድ ሲንገዳገዱ ሰዎች “አባ ፎርማሊንም መጠጥ ጀመሩ” ብለው ሳቁ። አልተከፉም። “ይበሉ። ልብስ ሰፊዋንም እንዲህ ብለዋቸዋል” አሉ። በመጨረሻ ማንኪያው አፋቸውን፣ ቃሉ ምላሳቸውን ሳተ፤ አእምሯቸው ግን ሙሉ ነበር። ትንሹ አንጎላቸው ወጥቶ ከሴትዮዋ ግማሽ ጎን እንዲቀመጥ ተናዘዙ። ባለቤታቸው ሳምንት ሙሉ እምቢ ብለው ቆይተው “ይሁን” አሉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ጠዋት፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ቀብራቸው የዘገየው አንጎላቸው በፎርማሊን ጠንክሮ እስኪመረመርና ቀሪው ከአካላቸው ጋር እስኪመለስ ሲጠበቅ ነው። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል። ነፍሳቸው በማይናወጥ መሬት ላይ ትቁም።

ማክሰኞ ዕለት የዛሬዋ መምህርት ትንሹን አንጎላቸውን በቤተሰቡ ፊት ቆረጡት። ግራው ጠውልጓል፤ ቀኙ በጥቂቱ ሳስቷል። ቀኙን ከሴትዮዋ ቀኝ ግማሽ ጎን ሲያስቀምጡት ወንድማቸው የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተው። መምህርቷም ከዚህ ተነሥተው የልብስ ሰፊዋ መንገዳገድ ከመጠጥ ሳይሆን ከዚሁ በሽታ እንደነበር ጽፈው ፈረሙ። ትናንት ልጅቱ፣ አሁን የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት፣ ወረቀቱን እናቷ በወደቁበት ደረጃ ሥር ለሰፈሩ አነበበች። እናቷን ሰካራም ካሉት ሰዎች ሁለቱ በሕይወት አሉ። ተነሥተው ቆመው ሰሙ።