እጅዎን ንብ አልነካውም

ይድረስ ለነፍስ አባቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ቁስልዎ ደረቀ? ብርዱስ አልበረታብዎትም? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እርስዎን መዋሸት ግን በቃኝ። ንፋስ መውጫ እህቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ሦስት ጊዜ ልናዘዝ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጾሜና ስለ ምላሴ ለፍልፌ ተመለስኩ። አፈርኩ። እርስዎ እግዚአብሔር ይፍታሽ ሲሉኝ ግን አንገቴን ደፍቼ እቀበል ነበር።

ያን ዕለት የንብ አናቢው የተሻገር ንብ ነድፎዎት በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ሲያመጡዎት፣ ፊትዎ አብጦ ትንፋሽዎ አጥሮ ነበር። የአለርጂ መርፌውን ልሰጥዎ የደም ሥር ጠፋኝ። ክንድዎ መታጠፊያ ላይ ስወጋ ደማቅ ደም ራሱ እየገፋ መርፌው ውስጥ ገባ። እንዲህ የሚገፋው ከልብ የሚወጣው ሥር፣ ደም ቅዳው እንደሆነ፣ መድኃኒቱ በዚያ ከገባ ጣት እንደሚገድል ጀማሪ ነርስ ያውቃል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እጄን አቃጠለኝ ብለው ሲጮሁ፣ አባ ይቻሉት ብዬ የቀረውን ገፋሁት። ጣቶችዎ ወዲያው ነጡ። ሰው እንደ መጥራት ጋቢዎን ጎትቼ ሸፈንኳቸው። ትንፋሽዎ ሲመለስ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንድምዎ ሀብቴ ጎንበስ ብሎ ይህንኑ እጄን ሳመው።

በሦስተኛው ቀን ጣቶችዎ ጠቆሩ። ሆስፒታል ሦስቱን ቆረጡ፤ እርስዎም ከዚያ ወዲህ ቀድሰው አያውቁም።

የሆስፒታሉ ወረቀት ሲመጣ አነበብኩት። ንብ ጣቶቻቸውን ነድፎ እንደነበር ታማሚው ተናግረዋል ይላል። አባ፣ የንቡን መንደፊያ አንድ በአንድ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ፊትዎና አንገትዎ ላይ ነበር። እጅዎ ላይ አንድም አልነበረም።

ነገሩ በሁለታችን መካከል ቢቀር ይዤው እሞት ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ነገር ግን እርስዎ ሆስፒታል ሳሉ ሰዉ ጣትዎን ያሳጣዎት ንቡ ነው ብሎ ተነሥቶ የተሻገርን አሥራ ሁለት ቀፎ አቃጠለ። ትናንት ሚስቱ ዘርፌ እዚህ ገበያ መሐል አገኘችኝ። እጃቸው እንዴት ሆነ ብላ አለቀሰች። ንቦቻችን ናቸው ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን!

ሰኞ ጤና ጽሕፈት ቤት ገብቼ ሁሉንም እናገራለሁ፤ ያባርሩኝ እንደሆነ ያባርሩኝ። ከዚያ በፊት ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሰው ሳይበተን፣ ለተሻገር እነግረዋለሁ። አስቀድሜ የጻፍኩልዎ እንዳያስተባብሉልኝ ነው። አንድ ጊዜ ስለ እኔ ዋሽተዋል፤ አይድገሙት።

አንድ ልመና አለችኝ። ሌላ ሰው ሲመጣ ያን እጅዎን ገልጠው ይቀመጣሉ፤ እኔ ስመጣ ብቻ ጋቢዎ ውስጥ ይከቱታል። እሑድ አይክተቱብኝ። መስቀሉን በእሱ ይዘው ያሳልሙኝ፤ የቀሩት ሁለቱ ጣቶች ይበቁኛል።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጸሎትዎ አይለየኝ።

እስካሁን ያልተናዘዘችው የንስሐ ልጅዎ