ከአራተኛው ዘፈን በፊት ያለው ወሬ

ራስል፣

ለሥራ እየወጣሁ ነው። ወተት አልቋል። የሳሎኑ ቴፕ ካሴት መብላት ጀምሯል፣ እንዳትነካው።

ስለ ሜልበርኑ ኮንሰርት፣ የሙዚቃ ኩባንያው ያወጣው ሲዲ እናንተ ተደብቃችሁ ከቀዳችሁት በጊታሩም በከበሮውም ይበልጣል። የናንተው ባልዲ ውስጥ የተቀዳ ነው የሚመስለው። ትናንት ጓደኞችህ ፊት ያልኩትን ዛሬም እላለሁ።

ግን ካሴታችሁን ወደ ኮምፒውተር ሳዛውር በዘፈኖቹ መሃል ያለውን ወሬ ሁሉ ቆርጬ ጣልኩት። ጫጫታ ነው ብዬ።
አንተም ሰምተህ "እጅሽ ይባረክ" ብለህ ክፍልህ ገባህ።
ምናለ ብትሰድበኝ።

ዛሬ ጠዋት ዋናውን እንደገና ሰማሁት። ከአራተኛው ዘፈን በፊት አንድ ሰው እየሳቀ፣ "ራስል፣ አንተ ጅል፣ ጃኬትህን አታንኮሻኩሽ፣ ማይኩ እኮ ውስጡ ነው!" ይላል። ሳቁ ቁርጥ ያንተን ነው።
የወንድምህን የኮሊንን ድምፅ በምን ልወቀው? እኔ እዚህ ቤት የገባሁት እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው።

ካሴቱ መሳቢያህ ውስጥ ነው። አዲሱ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ምንም አልቆረጥኩም።
የኩባንያው ሲዲ ላይ እሱ የለም።

እዚያ ጋ ስትደርስ ድምፁን ከፍ አድርገው። ጎረቤት ከጮኸ በኔ አሳብብ።

ብሮንዊን