በሞዴል 19 ገቢ ስለተደረገው አውሮፕላኔ

ለክቡር አቶ እንደሻው ቱሳ
የነዋሪዎች መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሰላ

ክቡር ሆይ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ሳይነካዎት፣ ከቢሮዎ ማሞቂያ አጠገብ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጡረተኛው የታሪክ መምህር፣ በደጅዎ መመላለሱ ለስኳሬ ስለጠቀመኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ልጄ ሳምራ የአውሮፕላን ጥገና ተምራ ሥራ እንደያዘች፣ በመጀመሪያ ደመወዟ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ከባድ ተዋጊ የነበረውን ባለሁለት ሞተር ሜሰርሽሚት አምሳያ ገዝታ ከአዲስ አበባ ላከችልኝ። ከብረት የተሠራ፣ ከክንፍ እስከ ክንፍ አንድ ስንዝር የሚሆን ነው። ከመናኸሪያ ተቀብዬ ስመለስ፣ በዚያው መታወቂያዬን ላሳድስ ብዬ ወደ እናንተ ጎራ ማለቴ የራሴ ጥፋት ነው። ከዚያ ወዲህ ላደረጋችሁልኝ ሁሉ በተራ ላመስግን።

1. ስገባ የነበሩት ጥበቃ አቶ ሀሰኖ ካርቶኑን ከፍተው አይተው፣ አሻንጉሊት አይመዘገብም ብለው በፈገግታ አሳለፉኝ። ስወጣ ተረኛ የነበሩት ወይዘሮ አሰፋሽ ደግሞ፣ ሲገባ ያልተመዘገበ ዕቃ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለሆነ ያለ መውጫ ፈቃድ አይወጣም አሉ። በሁለቱም ትጋት ኮርቻለሁ።

2. የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠው ለመሥሪያ ቤቱ ንብረት ብቻ በመሆኑ፣ ንብረት ክፍሉ እኔን ለመርዳት ሲል አውሮፕላኑን በሞዴል 19 ገቢ አደረገው። «አውሮፕላን፣ ጀርመን ሠራሽ፣ ብዛት አንድ» የሚለውን ደረሰኝ በክብር አስቀምጫለሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ አየር ኃይል ያቋቋመ ጽሕፈት ቤት ከሁሩታ እስከ ዴራ ቢፈለግ አይገኝም።

3. ወጪ ይደረግልኝ ብዬ ባመለክት፣ የመንግሥት ንብረት ለግለሰብ እንደማይሰጥ፣ የሚወገደውም ተሰብሮ ወይም ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ በኮሚቴ ሲረጋገጥ ብቻ እንደሆነ በትሕትና ተነገረኝ። ኮሚቴውም ተሰብስቦ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ሲል ቃለ ጉባኤ ያዘ። ስለ ልጄ ምርጫ የተሰጠ ምስክርነት አድርጌ ወስጄዋለሁ።

4. መታወቂያዬም አልታደሰም።

ክቡርነትዎ፣ ቀልዱን ልተወውና ሳምራ ቅዳሜ ትመጣለች። ቤት እንደገባች ዓይኗ የሚያርፈው የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ቦታውን ጠርጌ አዘጋጅቼ ነበር። የመጀመሪያ ደመወዟን ስጦታ የት እንዳደረስኩት ብትጠይቀኝ ላሳያት የምችለው የሞዴል 19 ደረሰኙን ብቻ ነው። አዝኛለሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አፍራለሁ።

በየብስም በአየርም መንገድዎ እንዲቃና እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ እነሳለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎ አውሮፕላን የቀድሞ ባለቤት
ሀብተ ማርያም አሰግድ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ትናንት በፌስቡክ ገጻችሁ በወጣው ፎቶ ላይ፣ አውሮፕላኔ ጠረጴዛዎ ላይ ወረቀት እንዳይበተን ተጭኖበት አየሁት። ጠጋ ብዬ ሳስተውል የግራው ሞተር ፕሮፔለር የለም። ልቤ ቢደማም እንኳን ደስ አለን፤ ተሰብሯልና ኮሚቴው እስከ ዓርብ ይሰብሰብልኝ። ስለ ጥገናው አይጨነቁ፤ ሳምራ ትሠራዋለች። የተማረችው መሥሪያ ቤት መጠገን ቢሆን ኖሮ፣ ቅዳሜ ከእርስዎ ጋር አስተዋውቃት ነበር።