ዘጠኝ ከመቶ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። አጎትሽ ባለቶርኖው ማረፉን በስልክ ነግሬሻለሁ። የቀረውን ግን በስልክ ማውራት አቃተኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት አክሲዮን የሚያሻሽጠው መሥሪያ ቤታችን የአንድ መስታወት ፋብሪካ አክሲዮን ዋጋ እንድተምን አዘዘኝ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ከሚፈልገው ትርፍ ላይ፣ የትርፍ ድርሻው በየዓመቱ ያድጋል የምትዪውን ትቀንሻለሽ፤ የመጪውን ዓመት ድርሻ በቀሪው ታካፍያለሽ። ድርሻው አሥራ ሁለት ብር፣ የሚፈለገው ትርፍ አሥራ አምስት ከመቶ ነበር። እድገቱን አምስት ከመቶ ብዬ ብጽፍ አክሲዮኑ መቶ ሃያ ብር ወጣ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ግን በመቶ ሃምሳ ነው። አለቃዬ አየና "ዘጠኝ አድርገው" አለኝ። በዘጠኝ ሁለት መቶ ገባ፤ የገበያው ዋጋ ርካሽ መሰለ። ፋብሪካው ድርሻውን የሚከፍለው እየተበደረ መሆኑን መዝገቡ ላይ አይቻለሁ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ነበር። ፈረምኩ።

አጎትሽ የፈረምኩበትን ወረቀት ይዞ ቤት መጣ።

"ፊርማው ያንተ ነው አይደል?"

"የእኔ ነው።"

"እንግዲያው ምን አስጨነቀኝ" ብሎ ሳቀ። ቶርኖዎቹን፣ እነዚያን የብረት መቅረጫ ማሽኖች፣ ሸጦ አክሲዮኑን ገዛ። ዓመት ሳይሞላ ፋብሪካው ድርሻ መክፈል አቆመ፤ አክሲዮኑን በነጻም የሚወስድ ጠፋ። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የሰው ቶርኖ ቤት ተቀጥሮ ብረት ሲሸከም ወደቀ።

ሆስፒታል ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት።

"ያንተ ቁጥር ስንት ነበር?" አለኝ።

"አምስት።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልወጣ ስነሳ ግን ጠራኝ። "ለሚስቴ እንዳትነግራት። ካወቀች ካንተ እጅ ውሃ አትቀበልም። ልጆቹ መብላት አለባቸው፤ ካንተ ሌላ ማን አላቸው?"

በሦስተኛው ቀን አረፈ።

አሁን በየወሩ የጡረታዬን ግማሽ አደርስላታለሁ። ባለፈው ልጆቹን ጠርታ "ከእንግዲህ አባታችሁ እሱ ነው" አለቻቸው። ትንሿ መጥታ እጄን ያዘች።

ስትደውዪላት ይህን አታንሺባት። አንቺ ግን እወቂው፤ አንድ ሰው እንኳ ማን እንደሆንኩ አውቆ አባዬ ይበለኝ።

እጅሽ የያዘው ይባረክ። ስምሽን ከማታምኚበት ወረቀት ይጠብቅልሽ። ተቆጥተሽም ቢሆን ጻፊልኝ።

አባትሽ