የተመለሰው ቅቤ

…ሲስተር ጸደንያ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ ደበቀች። እናቴ በቅጠል የጠቀለለችውን ቅቤ እንደዘረጋች ቀረች። ቅቤው ነበር የሚንጠባጠበው፣ ወይስ እናቴ እያለቀሰች…

ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ሰላምታ ሳላቀርብ ጀመርኩ።

የተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎን ከልብ እመኛለሁ፤ ምናልባት ቢታመሙ ግን ባዶ እጅዎን እንዳይመጡ አደራ።

ሪፖርት በቁጥር ሲሆን ደስ ስለሚልዎ ምስጋናዬንም በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አዋላጃችንን ሲስተር ጸደንያን ወደ ሞጣ ስላዛወሩልን እናመሰግናለን። እህቴን በሰላም ካዋለደች በኋላ፣ ለምታምጥ ሁሉ እኩል ነኝ ብላ የእናቴን ቅቤ መለሰች። በእኛ ዘንድ የሰጪን እጅ መመለስ ንቀት ነው። አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዝውውር ደብዳቤዎ «የኅብረተሰቡን ባህል ባለማክበሯ» ይላል፤ ቃሉ የእኔ ነው። ያን ጊዜ ሳነበው ኮርቼ ነበር። አሁን አፍርበታለሁ።

ሁለተኛ፣ በምትኳ ስላመጡልን አዋላጅ እናመሰግናለን። እሳቸው ከፊታችን አስቀድመው እጃችንን ያያሉ። የተራ መዝገቡ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ገጹ ወዝቷል።

ሦስተኛ፣ «የወሊድ አገልግሎት በነጻ ነው» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር እግራቸው ታስሮ ስለሚደረደሩት ዶሮዎች። ማስታወቂያውን አምነው የሚያነቡት እነርሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አራተኛ… ቁጥሩ ጠፋብኝ። ጎረቤቴ ዘሚራ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ቤቷ ወልዳ ደሟ አልቆም ሲል ያተረፈቻት ሲስተር ጸደንያ ነበረች። አሁን ወሯ ገብቷል። ባለፈው ማክሰኞ ለምርመራ መጥታ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ስሟ ሳይጠራ ተመለሰች። ከእንግዲህ ጤና ጣቢያ አልሄድም፣ ባዶ እጄን ማን ያየኛል፣ እዚያው ቤቴ ልሙት ትላለች። ቅቤ ልገዛላት ገበያ ወጣሁ። ዋጋ ጠየቅሁ። ከዚያ አቤቱታውን የጻፈ እጄን አየሁትና ተመለስኩ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ዘሚራን ባዶ እጇን ይቀበሏት። ሲስተር ጸደንያንም ይመልሱልን፤ አቤቱታዬን በጻፍኩበት እጅ ስቤዋለሁ።

ከነአክብሮቴ፣ ከነጥፋቴ፣ ከነባዶ እጄ፣
የዘወትር ታዛዥዎ
አካለ ወልድ ፋንታ
ከብቸና ማዶ

በድጋሚ፦ ይህን የምጨምረው ከጤና ጣቢያዎ አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። የዘሚራ ምጥ ዛሬ ጠዋት ስለጀመረ ለምኜ አመጣኋት። አዋላጇ ብቅ ብለው መጀመሪያ የእርሷን እጅ አዩ፤ ቀጥለው የእኔን። የያዝኩት ይህን ደብዳቤ ብቻ ነበር። ከኋላችን ዶሮ የታቀፈች ሴት መጣች። አሳለፏት።

በሩ ተዘጋ።