ሻይ ላቀርብ ስነሣ ያጣሁት ማረጋገጫ

ለሴቶች ንግድ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዳውንታውን፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሜይ 13 ቀን 2025

ጉዳዩ፦ የድርጅቴ ባለቤት እኔ መሆኔ በድጋሚ እንዲጣራልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች መዓዛ ሲራክ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሕሙማንን ወደ ሕክምና የሚያመላልስ ድርጅት ካቋቋምኩ አምስት ዓመቴ ነው። ሦስት ቫን አለኝ። አንዱን የሚነዳው ባሌ አቶ ሀይሉ ነው፤ ቀጣሪው እኔ ነኝ። በአማርኛ የጻፍኩት ቢሮዎ አስተርጓሚ እንዳለው ስለተነገረኝ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስናደድ ግማሹ ሳይነገር ይቀርብኛል።

1. ሜይ 6 ቀን ከቢሮዎ የተላኩ ባለሙያ ድርጅቱን ሊያዩ መጡ። አቶ ሀይሉ ቫኑ ጋራዥ ስለገባ ቢሮ ነበር። እኔም «እሱ ያስረዳዎታል» ብዬ ሻይ ላቀርብ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ አልክድም። ያደግኩት እንግዳ ሲመጣ ባል ተቀምጦ ሲያጫውት፣ ሚስት ስትነሣ እያየሁ ነው። እግሬ ሳያማክረኝ ተነሣ።

2. ውሃው ሳይፈላ ስልክ ተደወለ። የኩላሊት እጥበት የሚከታተሉት ደንበኛዬ እትዬ እናናዬ «ልጄ፣ መኪናው ቀረ እኮ» አሉኝ። ሊወስዳቸው የነበረው ቫን ፍራንክሊንተን ሰፈር ላይ ጎማው ፈንድቶ ቆሟል። ሌላውን ሾፌሬን አንዋርን መንገድ አስቀየርኩት፤ ክሊኒኩ ሰዓት እንዲያሸጋሽግልኝ ለመንኩ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ እትዬ እናናዬ መኪና ውስጥ ገቡ። ስመለስ ባለሙያው ሊሄዱ ተነሥተዋል። ባሌ «ሥራችን፣ መኪኖቻችን» እያለ ሲያስረዳ ቆይቷል። አልዋሸም። ግን ማን እንደሚወስን አልተጠየቀም፣ እሱም አልተናገረም። እስካሁን ተቀይሜዋለሁ።

3. ትናንት የደረሰኝ፣ ማረጋገጫውን የከለከለኝ ውሳኔ «ባል ያስተዳድራል፤ ሚስት እንግዳ በመቀበል ትረዳለች» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በቢሮዎ ሥልጠና ላይ፣ በበለጸጉት አገሮችም ድርጅት የሚያቋቁሙ ሴቶች በቁጥር ከወንዶች እንደሚያንሱ ተነግሮን «ለምን ይመስላችኋል?» ተብለን ነበር። ያን ቀን ጥያቄውን ደብተሬ ላይ ጽፌ ወጣሁ። አሁን ግን ስንቶቻችን ጓዳ ውስጥ ስልክ ይዘን ሳንቆጠር ቀርተን ይሆን እያልኩ መቀመጥ አቅቶኛል።

4. ድርጅቱ የሴት መሆኑን የሚያሳየው ማረጋገጫ ከሌለኝ ሜይ 23 በሚዘጋው የሆስፒታል ማመላለሻ ጨረታ መወዳደር አልችልም። ያ ካመለጠኝ አንዱን ቫን ሸጬ አንዋርን ማሰናበቴ ነው። ሁለት ልጆች አሉት፤ እስካሁን አልነገርኩትም።

ስለዚህ ባለሙያው ከዚያ ቀን በፊት ተመልሰው እንዲመጡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። የንግድ ፈቃዴ፣ በስሜ የተመዘገቡት የቫኖቹ ወረቀቶችና የሜይ 6 የስልክ ጥሪዎቼ ዝርዝር ተያይዘዋል። ባለሙያው ሲመጡ አቶ ሀይሉ መንገድ ላይ ይሆናል፤ የጉዞ ፕሮግራሙን የማወጣለት እኔ ነኝ። ባለሙያውን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ሻይ አላቀርብም። ስልኩ ከጠራ ግን እፊታቸው ቁጭ ብዬ አነሣዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

መዓዛ ሲራክ
የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
(ፊርማ)