ፊት ፊት ሂድ፣ አትዙር

ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የግራው ጉልበትዎ ደረጃ ላይ እንደሚያስቸግርዎት አክስቴ ነግራኛለች። ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉ "እሱ ራሱ ሲሰለቸው ይተወኛል" ማለትዎንም ሰምቻለሁ። እኛ ደህና ነን። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለን የለም ብዬ እንዳልጽፍ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ናፈቁኝ ብል ወረቀቱም ይታዘበኛል። ግን ናፍቀውኛል። ይኸው ጻፍኩት።

ስልክ መደወል አቅቶኝ አይደለም። በስልክ ሁለታችንም ዝም ብለን እንደምንቀር ስለማውቅ ነው። ደግሞም ዕድሜዎን ሙሉ የሰው ደብዳቤ በትከሻዎ ተሸክመው ሲያደርሱ የኖሩ ፖስተኛ ነዎት፤ ከገዛ ልጅዎ ግን አንድ እንኳ ደርሶዎት አያውቅም። ይህን ሳስብ አፈርኩ።

የልጅ ልጅዎ አራት ዓመት ሞላት። ቤት ውስጥ "አለቃ" ነው የምንላት። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፣ ሥልጣኑን ግን ራሷ ነች የያዘችው። ጠዋት ካልሲዋን ማንም አያደርግላትም። የቀኙን በግራ እግሯ ካደረገች አውልቃ እንደገና ትጀምራለች፤ ሁለቱም ካልሲዎች አንድ ዓይነት ናቸው ቢሏት በጄ አትልም። ኪሷን ሳንፈትሽ ልብሷን አናጥብም። ባለፈው ወር አንድ ቀንድ አውጣ ከኪሷ አምልጦ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ ወጣ። ባለቤቴ ጥርሷን ልትቦርሽ ገብታ የጮኸችውን ጩኸት ጎረቤት ሰምቶ በሩን ደበደበ። አለቃ የተቆጣችው እኛን ነው። "አስደነገጣችሁት!" አለች።

ኮስተር ስትል ቁርጥ እርስዎን ነው የምትመስለው። ባለቤቴ ስትለኝ እክድ ነበር እንጂ ከተወለደች ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እኔ ያው የውሃ መሥሪያ ቤት ነኝ። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ የት ላይ እንደሚያፈስ በጆሮ መፈለግ ነው ሥራዬ። ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ የብረት ዘንግ አስፋልቱ ላይ አቆምና ጆሮዬን ደገፍ አደርግበታለሁ። ውሃው ሲያመልጥ የሚያሰማው ድምፅ አለ፣ በጥርስ መሃል እንደሚያፏጭ ሰው ያለ። "እዚህ ጋ ቆፍሩ" ካልኩ ባልደረቦቼ አይከራከሩኝም። ጥሩ ጆሮ አለህ ይሉኛል። እኔም አምኜ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ መድኃኒት ቤት ተረኛ ስለሆነች ቀኑ የእኔና የአለቃ ነው። ከውሃ ማጠራቀሚያው በስተጀርባ ትንሽ ጫካ አለች፤ ዘበኛው ስለሚያውቀኝ በጓሮ በር ያስገባናል። ለትልቅ ሰው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ከአለቃ ጋር ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጉንዳኖቹን "ወዴት ናችሁ?" ሳትል አታልፍም። መልስ አልሰጡሽም እኮ ስላት "ሰምተዋል፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው" ትላለች። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ዛፍ ስር ቆማ ወደ ላይ ስታይ ቆየችና "ሲደክመው የት ነው የሚቀመጠው?" ብላ ጠየቀችኝ። አይቀመጥም አልኳት። አዘነች። ግንዱን መታ መታ አድርጋ "በርታ" ብላው ሄድን። ከዚያ ወዲህ እኔም ያን ዛፍ ዝም ብዬ ማለፍ እየከበደኝ መጥቷል፤ ሰው አለመኖሩን አይቼ "በርታ" እለዋለሁ። ወደው አይስቁ አሉ።

አባቴ፣ እንዲህ ያለ ደስታ እንዳለ አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው። ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ እንቁራሪት እስክትዘል ግማሽ ሰዓት ስጠብቅ ሰው ቢያየኝ ለቀቅ አድርጎታል ይለኛል። ይበል።

አሁን ወደተነሳሁበት ነገር ልግባ።

ከሁለት ወር በፊት ጫካው አፍ ላይ ስንደርስ እጇን ከእጄ ነጥቃ ቆመች። "አንተ ፊት ፊት ሂድ፤ እኔ ብቻዬን ነው የምሄደው። አትዙር" አለችኝ። ጨዋታ መስሎኝ ሄድኩ። አሥር እርምጃ ያህል ሄጄ ዞር ስል ፊቷ ተለዋወጠ። ምንም ሳትናገር ወደ በሩ ተመልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። የዚያን ቀን አምስት ጊዜ ዞርኩ፣ አምስት ጊዜም ከበሩ ጀመርን። በስድስተኛው እጄን ሰጠሁ። ካየኋት ብቻዋን አይደለችማ፤ ነገሩ ሲያስቡት እውነቷን ነው።

ሳይዞሩ ልጅ መጠበቅ እንዴት ያለ ሥራ መሰለዎት! ፀሐይዋ ከኋላችን ስትሆን የአለቃን ጥላ እያየሁ እሄዳለሁ። የጫማ ክር እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ብዬ በእግሮቼ መሃል አጮልቃለሁ። ዛፎቹ ስር ጥላም ስለሌለ የሚቀረኝ ጆሮዬ ብቻ ነው። ደረቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ፣ አፍንጫዋን ስትስብ፣ ለራሷ ስታንጎራጉር እሰማለሁ። ስትዘገይ እዘገያለሁ። ስትቆም ወፍ ያየሁ መስዬ እቆማለሁ። እሷ ግን የሚታያት ዝም ብሎ የሚሄድ ጀርባ ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ግን ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ነበር። ቅጠሉ ሁሉ ርሶ ድምፅ የለውም። አንድ ጊዜ ጆሮዬን ሳቆም ምንም የለም። ትንሽ ጠበቅሁ። አሁንም የለም። ዞርኩ። መንገዱ ባዶ ነበር። ስሟን እየጠራሁ ወደ ኋላ ሮጥኩ፤ ማጠራቀሚያው እንዳለ፣ አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ክፍት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ሃያ እርምጃ እንኳ አይሆንም፤ ከአንድ ቁጥቋጦ ኋላ ቁጢጥ ብላ ጥንዚዛ እያየች አገኘኋት። ቀና ብላ "ዞርክ!" አለችኝ፣ እንደ ከዳተኛ እያየችኝ። እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እዚያ ቁጭ እንዳልኩ ነው የልጅነት ጫማዬ የታወሰኝ።

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከእርስዎ ጋር እወጣ ነበር። ከከተማው ዳር ዳገቱ ላይ ላሉት ቤቶች ደብዳቤ ስናደርስ፣ እርስዎ ቦርሳዎን አንግተው ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላ። አንድም ቀን አይዞሩም። ቦይ ውስጥ የወደቅሁ ጊዜ እንኳ በራሴ ወጥቼ እያለቀስኩ ስደርስብዎ ጀርባዎን ሰጥተውኝ ቆመው ነበር፤ ቦርሳዎን እያስተካከሉ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ያ ብረት! አዲስ ጫማ በተገዛልኝ ቁጥር ተረከዙ ላይ ቁራጭ ብረት በገዛ እጅዎ ይቸነክሩበታል። ቀጭ ቀጭ እያልኩ ክፍል ስገባ "ፈረሱ መጣ" እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ሶሉ ቶሎ እንዳያልቅ ነው፣ ቋጣሪ ስለሆኑ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለባለቤቴም እንዲያ ብዬ አማሁዎት።

በሠርጌ ዕለት ያመጡልኝን ጥቁር ጫማ ስከፍት ተረከዙ ላይ ያው ብረት። በአማቶቼ ፊት ያልኩዎትን መድገም ያሳፍረኛል፤ ካልደገምኩት ግን ይቅርታዬ ጎዶሎ ይሆናል። "ዕድሜ ልኬን ያየሁት ጀርባዎን ነው። አንድ ቀን ዞረው አይተውኝ ያውቃሉ?" አልኩዎት። እርስዎ አንዲት ቃል አልመለሱልኝም። ካርቶኑን ዘግተው፣ በብብትዎ ይዘው ወጡ። ያን ቀንም ያየሁት ጀርባዎን ነው።

ከጫካው በተመለስን በማግስቱ የአለቃን ጫማ ይዤ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ተረከዙ ላይ ብረት ምታልኝ ስለው ጫማውን በመዳፉ ላይ አስቀምጦ አየኝ። "ወንድሜ፣ ይቺ ጫማ ገና ጡት አልጣለችም እኮ። ሶሏ ሳያልቅ ነው እግሯ የሚያድገው፤ ብረት ምን ያደርግላታል?" አለኝ። እኔስ በዓመት ሁለት ጫማ እየቀየርኩ ሳድግ ብረቱ ምን ያደርግልኝ ነበር? ከዚያው ከደጃፉ ሆኜ አክስቴ ጋ ደወልኩ።

መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ከዚያ ሳቋን አቆመችና "አንተ ልጅ፣ የምርህን ነው የማታስታውሰው?" አለችኝ። የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እርስዎ ዞር ባሉ ቁጥር መንገዱ ላይ ተንከባልዬ "አትዩኝ! ብቻዬን ነው የምሄደው!" እያልኩ አገር ምድሩን እቀውጠው ነበር አለች። ቦይ የገባሁ ዕለት ነፋስ ስለነበረ አልሰሙኝም አሉ። ዞረው መንገዱን ባዶ አዩት፤ ሲሮጡ መጥተው ከቦዩ እየወጣሁ መሆኔን ሲያዩ፣ እንዳላያዎት ተመልሰው መታጠፊያው ላይ ጀርባዎን ሰጥተው ቆሙ። ቤት ሲገቡ ፊትዎ አመድ መስሎ፣ የቀረበልዎትን ሳይቀምሱ ተነስተው ብረትና ሚስማር ሊገዙ ወጡ። ለእሷም፣ ነፍሷን ይማርና ለእናቴም "ብቻዬን ሄድኩ ይበል፣ እንዳትነግሩት" አሏቸው። ነግረውኝም አያውቁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ በጆሮዬ እንጀራ የምበላው ሰውዬ፣ ቤቱ ሙሉ የሚያውቀውን ሳልሰማ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። እኔ በአራት ዓመቴ ያቦካሁት ግን ይኸው እስከ ዛሬ ለሁለታችንም በቅቶናል።

አልዋሽዎትም፣ አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ። አሥር ዓመት ሲሞላኝ፣ አሥራ ሁለት ሲሞላኝ፣ "ልጄ፣ ያ ነገር ይብቃ ይሆን?" ቢሉኝ ምን ነበረበት? ደግሞ ሠርጌ ላይ፣ ያን ሁሉ ነገር ተናግሬ፣ "አንተው ነህ እኮ" ብለው አንዲት ቃል ቢመልሱልኝ? ግን አውቅዎታለሁ። በሰው ፊት ማሳፈር አይሆንልዎትም። ያሳፈርኩት እኔ ነኝ። አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ልጅቷ ዓመት እንደሞላት ሲሰሙ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "በእግሯ ሄደች?" ይህን ስሰማ ጫማ ሰፊው በርጩማውን ለቆልኝ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ሶል ሲቆርጥ ቆየልኝ።

አንድ የምናዘዘው ይቀረኛል። አምና አለቃ "አንተስ አባት የለህም?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ዝም አልኩ። ዝምታዬን በራሷ ተረጎመችና "አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ" ብላ ራሴን ዳበሰችኝ። አላረምኳትም። በሕይወት ያለ አባቴን በልጄ ፊት በዝምታ ቀበርኩ። ከዚህ የከፋ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ ከሠርጌ ቀን እንኳ ይብሳል።

ባለፈው እሑድ ነገርኳት። አባት አለኝ አልኳት። የት ነው አለች። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው አልኳት። ታዲያ ለምን አይመጣም አለች። ተጣልተን ነው አልኳት። ማን ጀመረ አለች። እኔ ነኝ አልኳት። አለቃ አሰበችና "እንግዲያ አንተ ነሃ የምትሄደው" አለችኝ፤ ጉዳዩም በዚሁ ተዘጋ። እርስዎን በሚመለከት ገና ሁለት ጥያቄ አላት፤ ጥንዚዛ ይፈሩ እንደሆነና ፂም እንዳለዎት። በአካል ብትጠይቅዎ ይሻላል ብዬ አልመለስኩላትም።

አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሰበብ ደርድሬ የምጽፈው ሌላ ነገር የለኝም።

የሚመጣው ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሦስታችንም እንመጣለን፤ ባለቤቴ ተረኛነቷን ለባልደረባዋ አስይዛለች። አይሆንም፣ አትምጡ ካሉ ለአክስቴ ይንገሯት፣ አልቀየምዎትም። ካልከለከሉን ግን ከመናኸሪያው እስከ ቤትዎ በእግር ነን፤ ባለቤቴ ሻንጣውን ይዛ ከጎኔ ትሆናለች፣ ልጅቷ ከኋላችን ብቻዋን ትመጣለች። ስለዚህ ብንዘገይ አይስጉ። መናኸሪያ ድረስ ልምጣ እንዳይሉ፣ ለጉልበትዎ ስል እለምንዎታለሁ። ደጅዎ ላይ ወንበር አውጥተው ቁጭ ብለው ይጠብቁን። ብቻ ፊትዎን ወደ መንገዱ ያድርጉልኝ።

ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። በሰላም ያገናኘን።

ልጅዎ